ሕግ መማር ስንት ያስወጣል፣ ስንትስ ያስገባል?

«ልጄ ሕግ ቢማር ያዋጣል ወይ?» ለምትሉኝ የግንደወይን፣ የቢቸናና የሞጣ ወላጆች፣ እንደ ሕግ ባለሙያ ስሌቱን ላስረዳ።

እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሕግ ዲግሪ 5 ዓመት ይፈጃል። ከ1996 ዓ.ም ወዲህ ባለው የወጪ መጋራት ሥርዓት፣ ተማሪው የምግቡን፣ የመኝታውንና ከትምህርቱም ወጪ የተወሰነውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል፤ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ። ደመወዙ 10,000 ብር ነው ብንል፣ 1,000 ለዕዳው፣ 700 ለጡረታ ይቆረጣል፤ የሥራ ግብሩ ሌላ ነው።

ትልቁ ወጪ ግን በወጪ መጋራት ውሉ ላይ አይጻፍም። ልጁ በ5 ዓመት ውስጥ ሊያገኝ ይችል የነበረው ገቢ፣ በአጨዳ ጊዜ ቤተሰቡ የሚያጣው ጉልበት፣ የኪስ ገንዘብና የመኪና ሒሳብ አለ። ይህን ሳትደምሩ አትወስኑ!

የግል ኮሌጅ ከሆነ ክፍያው ወዲያው ከኪስ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት የሕግ ትምህርቱ የዕውቅና ፈቃድ እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። የመውጫ ፈተናውን ያላለፈ ዲግሪ አያገኝም፤ ስለዚህ ከኮሌጁ ተፈታኞች ስንቶቹ እንዳለፉ ጠይቁ። ካልነገሯችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ገቢውስ? ዳኛና ዓቃቤ ሕግ በመንግሥት እርከን ይከፈላቸዋል። ከዚያ በላይ የሚገኘው በጥብቅና ነው፤ እሱም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ደንበኛ እስኪለምድም ጊዜ ይወስዳል። በእኛ አገር የመሬት፣ የውርስና የድንበር ክርክር ስለማይጠፋ ታማኝ ጠበቃ ሥራ አያጣም ብዬ አምናለሁ። ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውጤት የመጣለት ልጅ ፍላጎቱ ካለው ይማር። የእርሻ በሬ ሸጦ ለግል ኮሌጅ መክፈልን ግን አልመክርም።