የማይወደድ ገጸ ባሕርይ እንዴት ለፍቅር ይበቃል?

የልቦለድ ንባብ በማስተምርበት ክፍል ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። አንባቢ የጠላውን ገጸ ባሕርይ ደራሲው በኋላ ተፈቃሪ ሊያደርገው ቢሻ፣ በምን መንገድ ያሳምናል? ከተማሪዎች የማገኘው የተለመደ መልስ «ያሳለፈውን መከራ በመንገር» የሚል ነው። እኔ በዚህ መልስ አልስማማም። የልጅነት መከራ ክፋት ከየት እንደመጣ ያስረዳ ይሆናል፤ ርኅራኄንም ይቀሰቅሳል። ይሁን እንጂ ማዘን ሌላ፣ ማመን ሌላ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ነጥቡን በሥዕል ከሚሠራው የጃፓን ፊልም፣ ከአኒሜ በመነሣት ለማብራራት እሞክራለሁ።

በአኒሜ ጠላት የነበረ ሰው አፍቃሪ ሲሆን ማየት አዲስ አይደለም። በአኪራ ቶሪያማ «ድራጎን ቦል» ውስጥ ምድርን ሊወርር የመጣው ቬጂታ ከቡልማ ልጅ ይወልዳል። ሆኖም ተመልካቹ ይህን የሚያውቀው ከወደፊቱ ዘመን ከመጣው ልጃቸው ከትራንክስ ነው፤ ፍቅሩ የበቀለበት ጊዜ ተዘልሏል። ውጤቱ ተነግሮ ምክንያቱ ተትቷል።

በናኦኮ ያማዳ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ኮኤ ኖ ካታቺ» (የድምፅ ቅርፅ) ግን ምክንያቱን አይዘልም። የፊልሙ መነሻ ዮሺቶኪ ኦይማ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2014 በተከታታይ ያወጣችው ማንጋ ነው። ሾያ ኢሺዳ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ መስማት የተሳናትን ሾኮ ኒሺሚያን ያሠቃያል፤ የመስሚያ መሣሪያዋን መንጭቆ ጆሮዋን ያደማል። ፊልሙ ይህን ጭካኔ አያለዝበውም፤ እኛም ሾያን እንጠላዋለን።

ከዚህ በኋላ ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ በደሉ ዋጋ አለው። የመሣሪያዎቹን ካሣ እናቱ ከፍላለች፤ እርሱም ካደገ በኋላ ሊሞት ቆርጦ፣ ሠርቶና ንብረቱን ሸጦ ገንዘቡን ይመልስላታል። ሁለተኛ፣ ድርጊት ከቃል ይቀድማል። ሾያ ከዓመታት በኋላ ሾኮን የሚያገኛት የምልክት ቋንቋ ተምሮ ነው። ተመልካቹን የሚረታው ይኸው ነው፤ ቀድሞ ካፌዘባት ልጅ ጋር ለመነጋገር ሲል ብዙ መድከሙን ያሳያልና። ሦስተኛ፣ ተበዳይዋ የራሷ ፈቃድ፣ የራሷም ድክመት ያላት ሰው ናት እንጂ የንስሐው ሽልማት አይደለችም።

ፍቅሯን የምትገልጥበት ትዕይንት በመጀመሪያ ሳየው የቸኮለ መስሎኝ ነበር። ሾኮ ምልክቱን ትታ በአንደበቷ «ሱኪ» (እወድሃለሁ) ትለዋለች፤ እርሱ «ጹኪ» (ጨረቃ) ያለችው መስሎት ስለ ጨረቃ ይመልሳል። ዳግመኛ ሳየው ግን ሐሳቤን ለወጥሁ። በዚህች ቅጽበት አለመስማት የእርሷ ሳይሆን የእርሱ ሆነ። ራሱን ለመወደድ ብቁ አድርጎ የማይቈጥር ሰው ፍቅር ሲነገረው እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ትዕይንቱ ፍቅሩን አላቻኮለም፤ ሾያ ገና እንዳልደረሰበት አሳየን እንጂ።

ኋላም በድልድዩ ላይ የሚለምናት እንድትወደው ሳይሆን ለመኖር እንድትረዳው ነው። ፊልሙ ሁለቱን ፍቅረኞች ሳያደርግ ያበቃል።

ይህ ጥንቃቄ የኪነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዳይ ስለተጸጸተ ተበዳይዋ ፍቅር ትከፍለዋለች የሚል ታሪክ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለአንባቢ የሚያስተምረው ሒሳብ የተሳሳተ ነው። እንግዲህ ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ሴራ ሲመረምሩ «ለምን ክፉ ሆነ?» ከሚለው ይልቅ «ምን ከፈለ? እርሷስ እምቢ ማለት ትችል ነበርን?» ብለው ቢጠይቁ እመርጣለሁ።