ቦሎቄው ብቻውን አሲዳማ አፈርን አያድንም



ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ነን። ለእረፍት ቤት ስንገባ «ማዳበሪያው ተወደደ፣ መሬቱም ደከመ» ሲባል እንሰማለን። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር በቆሎን ከቦሎቄ ጋር አሰባጥሮ መዝራት ነው። ምክሩ ጥሩ ነው፤ በጅማ፣ በኢሉባቦር፣ በወለጋና በአዊ ባሉ ብዙ ማሳዎች ላይ ግን ግማሽ ምክር ብቻ ነው።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም በቆሎ በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም። በጥራጥሬ ሥር ዕባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን ከአየሩ ወስደው ለተክሉ ያዘጋጁለታል። «ቦሎቄው በቆሎውን ይመግበዋል» የሚባለው ትንሽ የተጋነነ ነው። አብዛኛው ናይትሮጅን ወደ ራሱ ወደ ቦሎቄው ፍሬ ይሄዳል። ለበቆሎው የሚተርፈው ቦሎቄው የአፈሩን ናይትሮጅን ብዙም ስለማይሻማው ነው። ቅጠሉና ሥሩ ማሳው ላይ ከቀረ ደግሞ የሚቀጥለው ሰብል ይጠቀማል።

ችግሩ እነዚህ አካባቢዎች ዝናብ የሚበዛባቸው መሆናቸው ነው። ዝናቡ ለዘመናት ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ስለወሰደው አፈሩ አሲዳማ ሆኗል። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፤ ሥሩ አጥሮ ይቀራል። ፎስፈረሱም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ይጣበቃል። አባቶቻችን በብድር የገዙት ኤንፒኤስ ከፊሉ ሰብሉ ሳያገኘው የሚቀረው በዚህ ነው። ባክቴሪያዎቹም ስለሚቀንሱ ቦሎቄው ዕባጭ አልባ ይሆናል፤ ያኔ ከበቆሎው ጋር የሚሻማ ሌላ አፍ ነው።

መድኃኒቱ ኖራ ነው። እኛ ሲቪል ምህንድስና የምንማረው ኖራን የምናውቀው የመንገድ ሥር ጭቃ ሲጠነከርበት ነው፤ ያ ግን የተቃጠለ ኖራ ነው፣ ቆዳም ይለበልባል። ለማሳ የሚሆነው ሳይቃጠል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሲደቅ ቶሎ ይሠራል። ከመዘራቱ ሳምንታት ቀደም ብሎ ከአፈሩ ጋር በእርሻ መቀላቀል አለበት። በሄክታር ከ2 እስከ 4 ቶን ከታዘዘ፣ ለግማሽ ሄክታር ከ10 እስከ 20 ኩንታል ማለት ነው። ይህን ማጓጓዝ ለማን ይቀላል? አቅም ከሌለ ጥቂት ጥቂት በመስመሩ ብቻ እየጨመሩ በየዓመቱ መድገም ይቻላል። ፍግና ኮምፖስትም አሉሚኒየሙን ስለሚይዙት ያግዛሉ፤ ለጓሮ የምድጃ አመድ አይናቅም። አፈሩ አሲዳማ ባልሆነበት ግን ኖራ መበተን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሲበዛም ዚንክን ያሳጣል።

አዘራሩ ቀላል ነው። በቆሎው በ75 ሳንቲሜትር መስመር ይዘራል፤ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ በመጀመሪያው ኩትኳቶ ቦሎቄው መሃል ይገባል። ስሌቱን ለማሳየት ያህል፦ ለብቻው 40 ኩንታል የሚሰጥ በቆሎ ተሰባጥሮ 34፣ ለብቻው 16 የሚሰጥ ቦሎቄ 6 ቢሰጥ፣ 0.85 እና 0.375 ተደምሮ 1.225 ይሆናል። ያንኑ ምርት ለየብቻ ዘርቶ ለማግኘት 22 በመቶ ያህል ተጨማሪ መሬት ያስፈልግ ነበር።

ቦሎቄው ሲያብብ አንድ ሁለት ተክል ከነሥሩ ቆፍራችሁ ዕባጩን በጥፍር ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው። ነጭ ከሆነ ወይም ዕባጭ ከሌለ፣ ከማሳው አምስት ስድስት ቦታ እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት አፈር ወስዳችሁ ቀላቅሉና ፒኤቹ እንዲመረመር ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ስጡ።