ትልቅ የብረት ቱቦ በልኩ ሲቆረጥ የማኅበሩ ውሃም ገንዘቡም ይድናል

ከወንዝ በፓምፕ ተስቦ ወደ ማሳ የሚወጣ የውሃ መስመር ከመነሻው እስከ መድረሻው ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው። ገደል ይዞራል፤ ዳገት ይወጣል፤ ሸለቆ ይሻገራል። መስመሩ አቅጣጫውን በለወጠ ቁጥር ቱቦው በማዕዘን ተቆርጦ እንደገና መበየድ አለበት። ዛሬ አነስተኛ መስመሮች በአብዛኛው በፕላስቲክ ቱቦ የሚዘረጉ ቢሆንም በፓምፕ መውጫ፣ በሸለቆ ማሻገሪያና ከፍተኛ ግፊት ባለበት ቦታ የብረት ቱቦ አሁንም ተፈላጊ ነው።

ታዲያ ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ መታጠፊያ ላይ ነው። በ8 ኢንች ቱቦ ላይ ምልክት ሲደረግ በአንደኛው ጎን 4 ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ቢሳት ቁርጡ በ1 ዲግሪ ይዛነፋል። ይህን ያህል ስሕተት ከመታጠፊያው አጠገብ በዓይን አይለይም። ከመታጠፊያው በኋላ 10 ቱቦ፣ ማለትም 60 ሜትር፣ ሲቀጠል ግን የመስመሩ ጫፍ ከተዘጋጀለት የሲሚንቶ ምሰሶ 1 ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ያለው አማራጭ የተበየደውን አፍርሶ እንደገና መቁረጥ ነው። ግድግዳው 8 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ባለ 6 ሜትር ቱቦ ደግሞ ሁለት ኩንታል ተኩል ይመዝናል። የተበላሸውን ተሸክሞ መመለስም ሆነ ምትክ መግዛት ቀላል አይደለም። ሥራው በበጋ የሚካሄድ በመሆኑ መስመሩ በቆመ ቁጥር ውሃ የሚጠብቀው ተክል ይጠወልጋል።

የማኅበር መሪ በያጅ መሆን አይጠበቅበትም። ይሁን እንጂ እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ልኩ በወረቀት ላይ መሠራቱን ማየትና መጠየቅ ይችላል፤ ይገባዋልም። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ መሪው ምን እንደሚጠይቅ ማሳየት ነው።

ማዕዘኑን ከመሬቱ ላይ ማንበብ

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት መስመሩ በስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ ነው። ለዚህም ሲባጎ፣ ችካልና ሜትር ይበቃሉ። የመጀመሪያው መስመር በሚመጣበት አቅጣጫ ሲባጎ ተወጥሮ ከመታጠፊያው ነጥብ 3 ሜትር አልፎ ችካል ይተከላል። እንዲሁም አዲሱ መስመር በሚሄድበት አቅጣጫ ከዚያው ነጥብ 3 ሜትር ተለክቶ ሁለተኛ ችካል ይተከላል። ከዚያም በሁለቱ ችካሎች መካከል ያለው ርቀት ይለካል። ርቀቱ 1 ሜትር ከ55 ሴንቲ ሜትር ከሆነ መታጠፊያው 30 ዲግሪ፣ 2 ሜትር ከ30 ከሆነ 45 ዲግሪ፣ 3 ሜትር ከሆነ 60 ዲግሪ ነው። መሬቱ ዳገት ሲሆን ሲባጎው ቱቦው በሚያርፍበት ተዳፋት ልክ መወጠር አለበት እንጂ በአግድም መለካት የለበትም።

ቁርጡ የመታጠፊያው ግማሽ ነው

ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጠረው መስመሩ 45 ዲግሪ ስለሚታጠፍ ቱቦውም በ45 ዲግሪ ይቆረጣል ተብሎ ሲታሰብ ነው። ማዕዘኑን ሁለቱ የሚገጥሙት ጫፎች እኩል ስለሚካፈሉት እያንዳንዱ የሚቆረጠው በግማሹ፣ በ22 ዲግሪ ተኩል ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ትልቅ ጥቅም ይገኛል። ቱቦው አንድ ጊዜ በ22 ዲግሪ ተኩል አግድም ከተቆረጠ በኋላ አንደኛው ቁራጭ በራሱ ዙሪያ ግማሽ ዙር ሲዞር ሁለቱ ጫፎች ገጥመው የ45 ዲግሪ መታጠፊያ ይሠራሉ። ስለሆነም በአንድ ቁርጥ ሁለት ጫፍ ይገኛል፤ የሚጣል ብረት የለም።

መታጠፊያው 90 ዲግሪ በሚሆንበት ጊዜ ግን በአንድ መገጣጠሚያ መጨረስ አይመከርም። ውሃው ከጥጉ ጋር እየተላተመ ጉልበቱን ስለሚያጣ ፓምፑ ያለ ጥቅም ነዳጅ ይፈጃል፤ መገጣጠሚያውም ግፊት የመቻል አቅሙ ዝቅተኛ ይሆናል። በመሆኑም በመካከል አጭር ቁራጭ ገብቶ መታጠፊያው በሁለት መገጣጠሚያ ይሠራል። እያንዳንዱ ቁርጥ አሁንም 22 ዲግሪ ተኩል ስለሆነ ለ45 ዲግሪ የተዘጋጀው የወረቀት ልክ ለ90 ዲግሪውም ያገለግላል።

የወረቀቱ አሠራር

የ8 ኢንች ቱቦን ምሳሌ እንውሰድ። እዚህ ላይ መሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። 8 ኢንች የቱቦው መጠሪያ እንጂ የውጭ ስፋቱ ልክ አይደለም። የቱቦው የውጭ ስፋት 219 ሚሊ ሜትር፣ ዙሪያውም 688 ሚሊ ሜትር ነው። ስሙን ይዞ 8 ኢንችን ወደ ሚሊ ሜትር በመቀየር የሚያሰላ ሰው ዙሪያውን 638 አድርጎ ስለሚያገኘው ወረቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያጥረዋል። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ወረቀቱን በቱቦው ላይ ጠቅልሎ ዙሪያውን ከራሱ ከቱቦው መውሰድ ነው።

ርዝመቱ በቱቦው ዙሪያ ልክ የሆነው ወረቀት አራት ጊዜ ለሁለት ለሁለት ሲታጠፍ 16 እኩል ክፍል ይሆናል። እያንዳንዱም 43 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ወረቀቱ ወፍራም ከሆነ እጥፋቱ ስለሚዛባ በስስ ወረቀት ላይ አጥፎ ምልክቱን ወደ ወፍራሙ ማዛወር ይሻላል። ከዚያም ከወረቀቱ የታች ጠርዝ ተነሥቶ በየመስመሩ ላይ የሚከተለው ከፍታ በሚሊ ሜትር ይለካል፤ በመጀመሪያው ጠርዝ 0፣ ቀጥሎ 3፣ 13፣ 28፣ 45፣ 63፣ 77፣ 87፣ በመካከለኛው መስመር 91። ከመካከሉ በኋላ ያው ቁጥር ወደ ኋላ እየተመለሰ በመጨረሻው ጠርዝ 0 ይሆናል። ነጥቦቹ ሳይሰበር በሚዞር መስመር ሲያያዙ የኮረብታ ቅርጽ ይወጣል። ወረቀቱ በዚህ መስመር በመቀስ ይቆረጣል።

ቱቦው ወይም ማዕዘኑ ሌላ ከሆነ ከፍታዎቹን ያለ ስሌት በሥዕል ማግኘት ይቻላል። በላሜራ ወይም በለሰለሰ የሲሚንቶ ወለል ላይ በቱቦው የውጭ ስፋት ልክ ሁለት ትይዩ መስመሮች ይሰመራሉ። በእነሱ ላይ በእስኳድራ አንድ ቀጥ ያለ አግድም መስመር፣ ከዚያው መነሻ ነጥብ ደግሞ የቁርጡን ማዕዘን የያዘ ሰያፍ መስመር ይሰመራል። ከአግድሙ መስመር በታች ግማሽ ክብ ተሥሎ በ8 እኩል ይከፈላል። ከየክፍሉ ነጥብ ከቱቦው ጎን ጋር ትይዩ የሆነ መስመር እስከ ሰያፉ ድረስ ይወጣል። ከአግድሙ እስከ ሰያፉ ያለው ርዝመት በወረቀቱ ላይ የሚለካው ከፍታ ነው። 22 ዲግሪ ተኩልን ለማግኘትም የወረቀት ትክክለኛ ጥግ አንድ ጊዜ ሲታጠፍ 45፣ ሁለተኛ ሲታጠፍ 22 ዲግሪ ተኩል ይሆናል።

ከወረቀት ወደ ብረት

ልኩ በቱቦው ላይ ከመጠቅለሉ በፊት በቱቦው አናትና በታቹ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ሁለት ተቃራኒ ቀጥታ መስመሮች በጠመኔ ይሰመራሉ። አናቱ በውሃ ልክ ይፈለጋል። መታጠፊያው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲሆን የወረቀቱ ዝቅተኛና ከፍተኛ ነጥብ በእነዚህ መስመሮች ላይ ያርፋሉ። ወደ ጎን የሚታጠፍ ከሆነ ግን በግራና በቀኝ ጎን መሃል ላይ ይውላሉ። ይህ ካልተጠበቀ ቁርጡ ትክክል ሆኖ ሳለ መታጠፊያው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይዞራል። የወረቀቱ የታች ጠርዝ ሁለት ጫፎች ሳይበላለጡ መገናኘታቸውም ይታይ። ከተበላለጡ ወረቀቱ ጠምሟል ማለት ነው።

ጠመኔ በእሳት ስለሚጠፋ በምልክቱ ላይ በሹል ብረትና በመዶሻ ነጠብጣብ ይመታል። በያጁ በኦክስጅንና በአሴቲሊን ሲቆርጥ እሳቱ ሁልጊዜ ወደ ቱቦው መሃል እንዲያነጣጥር ያስፈልጋል። አጋድሎ ከያዘው የውስጡና የውጭው ቁርጥ ይለያያል። እሳቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብረት ስለሚበላ ይህ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ለብየዳው የሚያስፈልገው የጠርዝ ማጋደል ከዚህ በኋላ በግራይንደር ይሠራል።

ሙሉ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱ ቁራጮች በአራት ቦታ ብቻ በነጥብ ይያዙ። በዚህ ጊዜ በመሬቱ ላይ የተደረገው የ3 ሜትር ልኬት በቱቦዎቹ መሃል መስመር ላይ ይደገማል። ማዕዘኑ 1 ዲግሪ ቢዛነፍ በ45 ዲግሪ መታጠፊያ ላይ ልዩነቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ይታያል። በዓይን ያልታየው ስሕተት በሲባጎ ተያዘ ማለት ነው፤ አራት ነጥብ መፍታትም ሙሉ ብየዳን ከማፍረስ እጅግ ይቀላል። ከዚያ በኋላ ብየዳው ብረቱን ወደ አንድ ወገን እንዳይስበው ተቃራኒ ጎኖችን እያፈራረቁ መበየድ ይገባል።

የተሠራውም መታጠፊያ ያለ መያዣ አይተው። ውሃው 50 ሜትር ከፍታ የሚወጣ ከሆነ በ8 ኢንች ቱቦ የ45 ዲግሪ መታጠፊያ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል 12 ኩንታል ያህል ይሆናል። ስለዚህ በሲሚንቶ መታቀፍ ያስፈልገዋል።

ጥንቃቄ

ቱቦው በሁለቱም ወገን በሽብልቅ ሳይያዝ ማንም አጠገቡ አይቁም፤ ሁለት ኩንታል ተኩል ከተንከባለለ እግር ይሰብራል። የኦክስጅን ሲሊንደር ዘይትና ግራሶ አይንካው። ሥራው በበጋ ስለሚሆን ደረቅ ሣርና የጭድ ክምር ከአካባቢው ይራቅ፤ ውሃና አሸዋም በቅርብ ይቀመጥ። በዚንክ የተለበጠ ቱቦ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ ስለሚያሳምም ልባሱ ከሚቆረጠው ቦታ ላይ ይፋቅ፤ ሥራውም ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይከናወን። ሕፃናት ብልጭታውን ለማየት እንዳይሰበሰቡ መከላከልም የማኅበሩ ተግባር ነው።

የመሪዎች ድርሻ

የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 841/2006 ሕጋዊ መሠረት አግኝተዋል። መስመሩን በሥራ ላይ ማዋልና መጠገን የአባላቱ የራሳቸው ኃላፊነት በሆነበት ቦታ ሁሉ መሪዎች ከበያጅ ጋር ሲዋዋሉ ሦስት ነገሮችን ማስገባት ይጠቅማቸዋል። አንደኛ፣ የወረቀት ልክ ሳይዘጋጅና ሳይታይ ቱቦ አይቆረጥም። ሁለተኛ፣ በነጥብ የተያዘው መገጣጠሚያ የማኅበሩ ተወካይ ባለበት በሲባጎ ሳይለካ ሙሉ ብየዳ አይጀመርም። ሦስተኛ፣ ልኩ የቱቦው ስፋት፣ ማዕዘኑና ቀኑ ተጽፎበት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል። ከዓመታት በኋላ መታጠፊያው ቢበሳ ወይም በጎርፍ ቢወሰድ ሥራው እንደገና ከዜሮ አይጀመርም።

ልብስ ሰፊ አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ ይቆርጣል። ጨርቅ ቢበላሽ ጉዳቱ ለአንድ ሰው ነው። የውሃ መስመር ቱቦ ያለ ልኩ ሲቆረጥ ግን ጉዳቱ ከመታጠፊያው በላይ ላለው ማሳና ለአባላቱ ሁሉ ነው። ወረቀቱና ሲባጎው የሚጠይቁት ወጪ ጥቂት፣ ጊዜውም ቢበዛ የግማሽ ቀን ስለሆነ መሪዎች ይህን ግማሽ ቀን ለበያጁ ሊፈቅዱለት፣ ከእርሱም ሊጠይቁት ይገባል።