ከተረፈ ምፒንጎ የሚወጣ ብዕር

በቶርኖ የሚሠራ የእንጨት ብዕር፣ ምንም እንኳ በጥቅሉ የእጅ ሥራ ተብሎ ቢሸጥ፣ ከሁለት ዓይነት ሥራዎች የተገጣጠመ ዕቃ ነው። ቀለሙን የያዘው ቀጭን ቱቦ፣ ጫፉን የሚያስወጣውና የሚመልሰው ተጠምዛዥ ስልት፣ ብዕሩን ከኪስ ጋር የሚያይዘው ማንጠልጠያ በፋብሪካ በብዛት ተመርተው የሚቀርቡ ሲሆኑ፣ የባለሙያው ድርሻ ጸሐፊው በጣቶቹ የሚይዘው የእንጨቱ አካል ብቻ ነው። ድርሻው በመጠን ያነሰ ይምሰል እንጂ፣ እንጨት የመምረጥ፣ የማድረቅ፣ የመብሳት፣ የመላግና የማለስለስ ዕውቀት ሁሉ አንድ ሚሊ ሜትር በማይሞላ ውፍረት ላይ የሚፈተንበት በመሆኑ፣ ከትልልቅ የቤት ዕቃዎች ሥራ ያላነሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ለዚህ ሥራ ከሚፈለጉት ብርቅ እንጨቶች አንዱ በስዋሂሊ ምፒንጎ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዳልበርጂያ ሜላኖክሲሎን የሚባለው ዛፍ ነው። በገበያ ብዙ ጊዜ እንደ ዞጲ ሁሉ ከጥቁር እንጨቶች ተርታ ተደባልቆ ይሸጣል፤ የእጽዋት ተመራማሪዎች ግን ዲዮስፓይሮስ ከሚሉት የጥቁር እንጨት ወገን ለይተው፣ ባቄላና አተር ከሚገኙበት ሰፊ ቤተሰብ ይመድቡታል። ዛፉ ከሴኔጋል አንሥቶ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ፣ ወደ ደቡብም እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚዘረጉ ደረቅ ቆላማ አገሮች ይበቅላል፤ በንግድ ደረጃ በሰፊው የሚቆረጠው ግን በታንዛኒያና በሞዛምቢክ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ግንዱ ብዙ ጊዜ የተጣመመና ሸንተረር የበዛበት ሲሆን፣ ዕድገቱ እጅግ አዝጋሚ በመሆኑ ለመቆረጥ እስኪደርስ በአብዛኛው ከ70 ዓመት በላይ እንደሚፈጅበት ይገመታል። ውጫዊው እንጨቱ ቀጭንና ነጣ ያለ ቢጫ፣ ውስጠኛው ደግሞ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ጥቁር ነው፤ ከውኃ የሚከብድ ስለሆነም ቁራጩ ውኃ ውስጥ ሲጣል ይሰጥማል።

ምፒንጎን በዓለም ያስተዋወቀው ብዕር ሳይሆን ሙዚቃ ነው፤ ክላሪኔት፣ ኦቦና የስኮትላንዱ ባግፓይፕ የሚሠሩት በአብዛኛው ከዚህ እንጨት ነው። የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ስንጥቅ፣ ጉጥ ወይም የነጣ መሥመር ያለበትን ቁራጭ ስለማይቀበሉ፣ ከአንድ ግንድ ለእነርሱ የሚበቃው ክፍል ጥቂት ነው፤ የቀረው በመጋዝ ቤቱ ግቢ ይከመራል። ብዕር ሠሪው የሚያስፈልገው ከ13 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ርዝመት፣ 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ ውፍረት በመሆኑ፣ ያ የተጣለ ክምር ለእርሱ ሀብት ነው፤ ክላሪኔት ሠሪው እንደ ጉድለት የቆጠረው ነጭ መሥመርም በብዕር ላይ ሲያልፍ ጥቁሩን አጉልቶ የሚያሳይ ጌጥ ይሆናል።

የዚህ ሙያ ሚዛን ያለውም እዚህ ላይ ነው። ጎንና ጎኑ 19 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 130 ሚሊ ሜትር የሆነ የምፒንጎ ቁራጭ ወደ 58 ግራም ይመዝናል፤ ከእርሱ የሚወጣው ቀጭን ብዕር በላዩ የሚቀርለት እንጨት ግን ጥቂት ግራም ብቻ ነው፤ ከአሥር እጅ ዘጠኙ በላይ ፍቅፋቂና ብናኝ ሆኖ ይወድቃል። ለብዕር ሲባል ጤናማ ግንድ መጣል ስለዚህ ማባከን ነው፤ ከሌላ ሥራ የተረፈውን ቁራጭ ማዳን ግን ለሰባ ዓመት ዕድገት የሚገባውን ክብር መስጠት ነው። የእንጨቱን ምንጭ ማወቅ የሚቻልበት መንገድም አለ፤ በታንዛኒያ ኪልዋ አካባቢ የመንደር ነዋሪዎች የሚያስተዳድሩት ደን እ.ኤ.አ. በ2009 ዓለም አቀፍ የደን አያያዝ ምስክር ወረቀት አግኝቷል፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ደን ሲሸጥ የእንጨቱ ገንዘብ ለጠባቂዎቹ መንደሮች ይደርሳል።

ቁራጩ ቶርኖ ላይ ከመውጣቱ በፊት በሚገባ መድረቅ አለበት። እንጨት እርጥበቱ ሲቀንስ ወደ ጎን ይኮማተራል፤ በብዕር ውስጥ ግን ቀዳዳው ውስጥ ከሚገባ የነሐስ ቱቦ ጋር ስለሚጣበቅ፣ ነሐሱም አብሮት ስለማይኮማተር፣ ያልደረቀ እንጨት ከወራት በኋላ በቁመቱ ይሰነጠቃል። ምፒንጎ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ እርጥበቱን የሚለቀው በዝግታ ነው፤ ጫፎቹ ከመሐሉ ፈጥነው ደርቀው እንዳይሰነጠቁ በሰም ይለበጣሉ።

ከዚያ ቁራጩ ለላይኛውና ለታችኛው አካል በሁለት ተቆርጦ መሐል ለመሐል ይበሳል፤ በተለመደው ቀጭን ብዕር የቀዳዳው ስፋት 7 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ ቁራጭ የሚበላሸው በዚህ ደረጃ ነው፤ መብሻው በጥቅጥቁ እንጨት ውስጥ ሲሽከረከር ፍቅፋቂው መውጫ ያጣና ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱም በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያስከትላል፤ ስንጥቁ የሚገለጠው ደግሞ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ በዝግታ ይበሳል፤ መብሻውን ደጋግሞ እያወጣ ፍቅፋቂውን ያራግፋል፤ መብሻው ሲወጣ የሚቀደደውን ጫፍ በኋላ ቆርጦ ለመጣልም ቁራጩን ከሚፈለገው ርዝመት አስረዝሞ ይተወዋል። የምፒንጎ ተፈጥሯዊ ዘይት ማጣበቂያን ስለሚገፋ የቀዳዳው ውስጥ በአሴቶን ይጠረጋል፤ የቱቦው ገጽም ማጣበቂያው እንዲይዘው በማለስለሻ ወረቀት ይሻክራል። እንደ ወይራ ባሉ ፈካ ያሉ እንጨቶች ሥራ የቀዳዳው ውስጥ ወይም ቱቦው ቀለም ይቀባል፤ የሚቀረው እንጨት እጅግ ስስ ከመሆኑ የተነሣ የነሐሱ ብልጭታ በውስጡ ሊያልፍ ይችላል።

ቱቦ የገባላቸው ሁለቱ አካላት በአንድ ዘንግ ላይ ይሰካሉ፤ በየጫፋቸው የሚገቡት የብረት ቀለበቶች እንጨቱ እስከ የት መላግ እንዳለበት የሚያሳዩ ልኮች ናቸው። ቀለበቱ 8.4 ሚሊ ሜትር፣ ቱቦው 7 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በጫፉ የሚቀረው የእንጨት ውፍረት 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ዘንጉ በደቂቃ ከ2000 እስከ 3000 ዙር ሲሽከረከር ባለሙያው መጀመሪያ በጎድጓዳ መሮ አራቱን ማዕዘን ያነሣል፤ ቀጥሎ ጫፉ በሰያፍ በተሳለ ጠፍጣፋ መሮ መልኩን ያወጣል። ስለቱ በሚገባ ከተሳለ ምፒንጎ ወዲያው የሚያበራ ገጽ ስለሚሰጥ የማለስለሱን ሥራ እጅግ ያቀለዋል፤ ስለቱ የደነዘዘ ከሆነ ግን ቃጫው ይቦጨቃል፤ ያንንም በወረቀት ብቻ ማረም አዳጋች ነው።

ብናኙ ችላ ሊባል አይገባውም። የዳልበርጂያ ወገን እንጨቶች ብናኝ በአንዳንድ ሰዎች ቆዳና መተንፈሻ ላይ አለርጂ ያስነሣል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ጥናት በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች መድቦታል። ስለዚህ የአፍንጫና የአፍ መከለያ፣ ብናኝ የሚስብ ማሽንም ከመሮው እኩል የግድ የሚሉ መሣሪያዎች ናቸው።

ባለሙያዎች በእጅጉ የሚለያዩት በመጨረሻው አጨራረስ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ መንገዱ አንድ ነው፤ እንጨቱ ከሻካራው ጀምሮ እየላሙ በሚሄዱ የማለስለሻ ወረቀቶች ይታሻል፤ በየደረጃውም ቶርኖው ይቆምና የዙሪያ ጭረቶቹ በቁመት እየታሹ ይጠፋሉ። ከዚህ በኋላ አንደኛው ወገን ሼላክን፣ ማለትም በእስያ ዛፎች ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት ከሚያመነጩት ሙጫ የሚዘጋጀውንና በአልኮል የሚሟሟውን ማስዋቢያ፣ ከሰም ጋር በጨርቅ እየቀባ በሽክርክሩ ሙቀት ያበራዋል። ውጤቱ ውብ ነው፤ ነገር ግን ሼላክ በሙቀትና በላብ የሚላላ ስለሆነ፣ ዘወትር በእጅ ከሚያዝ ዕቃ ላይ ቶሎ ይለቃል። ሁለተኛው ወገን ሱፐር ግሉ የሚባለውን ማጣበቂያ በስሱ ደራርቦ ይቀባል። ሳይንሳዊ ስሙ ሲያኖአክሪሌት የሆነው ይህ ነገር እ.ኤ.አ. በ1942 ሃሪ ኩቨር የተባለው አሜሪካዊ ኬሚስት ለጦር መሣሪያ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ ያገኘው ሲሆን፣ በእርጥበት አማካይነት ፈጥኖ ይደነድናል። ንብብሩ ደርቆ በውኃና እስከ 12000 ቁጥር በሚደርሱ ማለስለሻዎች ሲታሽ እንደ መስታወት ያበራል፤ ላብም አይበግረውም።

ቀዳዳ ለበዛባቸው፣ ፈካ ላሉና ቆሻሻ በቀላሉ ለሚይዙ እንጨቶች ይህ ሁለተኛው መንገድ ተገቢ ነው። ለምፒንጎ ግን አይገባውም። እንጨቱ በራሱ ጥቅጥቅና ዘይታማ በመሆኑ ያለ ምንም ቅብ፣ ታሽቶና በስስ ሰም ተወልውሎ ብቻ ለዓመታት ያገለግላል፤ በፕላስቲክ ሽፋን ሲለበጥ ደግሞ ጸሐፊው የሚዳስሰው እንጨቱን ሳይሆን ሽፋኑን ይሆናል፤ ከሩቅ ለሚያየውም ከጥቁር ፕላስቲክ ብዕር አይለይም። ባዶው ምፒንጎ በእጅ ሙቀት ፈጥኖ ይሞቃል፤ በብርሃን ሲገላበጥ ከጥቁሩ ሥር ሐምራዊና ቡናማ መሥመሮቹ ይታያሉ።

የተጠናቀቁት አካላት ከፋብሪካው ክፍሎች ጋር ያለ ማጣበቂያ በመጫን ብቻ ይጋጠማሉ፤ ይህም ተጠምዛዡ ስልት ሲያረጅ እንጨቱን ሳይጎዱ ፈትቶ ለመለወጥ ይረዳል። ብዕሩ ድንበር ሲሻገር የሚመለከተው ሕግም ሊታወቅ ይገባል። በአደጋ ላይ ያሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከጥር 2 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከብራዚሉ ዳልበርጂያ ኒግራ በስተቀር የዳልበርጂያን ወገን በሙሉ በሁለተኛው የቁጥጥር መዝገብ አስገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው ማሻሻያ በአንድ ጭነት እስከ 10 ኪሎ ግራም እንጨት የያዙ ያለቀላቸው ዕቃዎችን ከፈቃድ ነጻ ስላደረገ፣ የተጠናቀቀ የምፒንጎ ብዕር ያለ ፈቃድ ሊጓዝ ይችላል፤ ያልተላገው ቁራጭ ግን እንጨት ሆኖ ስለሚቆጠር ፈቃድ ይጠየቅበታል። ዳልበርጂያ ኒግራ ግን እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በጥብቁ አንደኛ መዝገብ ውስጥ ያለ በመሆኑ፣ ከእርሱ የተሠራ ብዕር እንደ ቁራጩ ሁሉ በዚህ ማሻሻያ አይጠቀምም።