ጆርጂያኛን በአማርኛ በኩል

ትቢሊሲ ከተማ፣ ሳቡርታሎ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ቀኝ ጉንጬን በእጄ ይዤ ቆሜ ለፋርማሲስቷ «ጣፋጩ ያመኛል» አልኳት። ማለት የፈለግኩት «ጥርሴን ያመኛል» ነበር። ሴትዮዋ ለአፍታ አየችኝና ሳቋን እየታገለች መደርደሪያው ላይ ወዳለው የሳል ከረሜላ ጠቆመችኝ።

በጆርጂያኛ ጥርስ «ቅቢሊ» ነው። ጣፋጭ ደግሞ «ጥቅቢሊ»። ልዩነታቸው አንዲት «ጥ» ናት። በዚያን ጊዜ ሁለቱንም ያጠናሁት በላቲን ፊደል ተጽፈው ነው፤ ለዓይኔ አናባቢ የሌላቸው የፊደል ክምር ነበሩ። አንድ ዝነኛ የቋንቋ መማሪያ አፕ ላይ በተከታታይ የገባሁባቸው ቀናት ብዛት ከ200 አልፎ ነበር፤ ስልኬ በየማታው እንኳን ደስ አለህ ይለኛል። ጥርሴን ግን ማስረዳት አልቻልኩም።

ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ ሶፍትዌር ኢንጂነር ነኝ፤ ሥራዬ ከቤት የሚሠራ ስለሆነ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቤቱን ከአሜሪካ ውጭ አደረግኩት። መጀመሪያ ሦስት ወር ኢስታንቡል፣ ከዚያ ትቢሊሲ። ጆርጂያ የአሜሪካ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ያለ ቪዛ አንድ ዓመት ትፈቅዳለች። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቢሆን ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር፤ «ላፕቶፕህን ይዘህ ዓለምን ዙር» የሚሉ ጽሑፎች ይህን ስለማይነግሯችሁ እኔ ልንገራችሁ። በበጋ የሰዓቱ ልዩነት 8 ስለሆነ የምሠራው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ነበር። ቀኑ ሙሉ የኔ ነው። ዕቅዴም በዚያ ቀን ቋንቋ መማር ነበር። ኢስታንቡልን ስለቅ ሻይ ማዘዝ እችል ነበር፤ ከሻዩ በኋላ የሚመጣውን ወሬ ግን አልችልም።

የፋርማሲውን ታሪክ የዚያን ቀን አዲስ አበባ ላለችው አክስቴ በስልክ ነገርኳት። ጅዳ ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት፤ ዐረብኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል። ስቃ ስትጨርስ ጠየቀችኝ።

«ቃሉን የጻፍከው በምንድን ነው?»

«በእንግሊዝኛ ፊደል።»

«ታዲያ አንተ ፊደል የለህም?»

አክስቴ ዐረብኛን የተማረችው በአንዲት ባለመስመር ደብተር ነው። ወጥ ቤት የሰማችውን ቃል ማታ በፊደል ትጽፈዋለች፤ ጎኑ ላይ አማርኛውን ታስቀምጣለች። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማርኩት እኔ ደግሞ ሦስት የሚከፈልባቸው አፖች ስልኬ ላይ ጭኜ አንድ ቋንቋ ለመግባት በሌላ ሰው ቤት በር እየዞርኩ ነበር።

በማግስቱ የጆርጂያኛን 33 ፊደሎች ደርድሬ ከእኛ ጋር ማነጻጸር ጀመርኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላኝ ከወንበሬ ተነሣሁ። ጆርጂያኛ ሁለት «ት» አለው፤ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ከጉሮሮ ታፍኖ የሚፈነዳ። ማለትም «ት» እና «ጥ»! ሁለት «ክ» አለው፤ ሁለተኛው የእኛ «ቅ» ነው። ሁለት «ች»፣ ሁለተኛው «ጭ»። ሁለት «ፕ»፣ ሁለተኛው «ጵ»። ከ«ትስ» ጎን ደግሞ «ጽ» ቆሟል። የእንግሊዝኛ መጽሐፌ እነዚህን ድምፆች ለማስረዳት ስለ ጉሮሮና ስለ ትንፋሽ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፎ ነበር፤ እኔም ገጹን አንብቤ መስታወት ፊት ቆሜ ትንፋሼን ይዤ ስለማመድ ነበር። ከእናቴ ጭን ላይ ሆኜ የማውቀውን «ጠ»!

ቃላቱን በፊደል ስጽፋቸው ተነሡልኝ። ዳቦ «ጱሪ»። ድመት «ቃጣ»። ከተጨመቀ ወይን ቅሪት የሚወጣው አረቄ «ጫጫ»፤ ሲበዛ የሚያመጣውም ያንኑ ነው። «አዎ» ማለት «ቂ» ነው። «አይደለም» ደግሞ «አራ»፤ ይህኛው በአማርኛ ጆሮ ምን እንደሚመስል እናንተው ጨርሱት፤ እኔ ሁለት ሳምንት ሳልስቅ መናገር አልቻልኩም።

እዚህ ላይ ኮድ ለምትወዱ አንድ ነገር ላሳያችሁ። ቃላቱን አንድ በአንድ በእጅ ከመገልበጥ አነስተኛ የፓይተን ስክሪፕት ጻፍኩ፤ 40 መስመር አልሞላም። እንዲህ አጭር የሆነው በእኔ ብልሃት ሳይሆን በፊደላችን አደራደር ነው። ዩኒኮድ ፊደላችንን እ.ኤ.አ. በ1999 ሲቀበል ለአብዛኛው የፊደል ቤት 8 ተከታታይ ቁጥር ሰጠው። በሄክሳዴሲማል «ጠ» 1320 ላይ ነው፤ «ጡ» 1321፣ «ጢ» 1322፣ «ጣ» 1323፣ «ጤ» 1324፣ «ጥ» 1325፣ «ጦ» 1326። ጆርጂያኛ አምስት አናባቢዎች ብቻ ስላሉት ስክሪፕቱ የተነባቢውን መነሻ ቁጥር ይወስድና ለ«ኡ» 1፣ ለ«ኢ» 2፣ ለ«አ» 3፣ ለ«ኤ» 4፣ ለ«ኦ» 6 ይደምራል። አናባቢ ካልተከተለ 5 ደምሮ ሳድስ ያደርገዋል። ብቻውን የመጣ አናባቢ በ«አ» ቤት ይጻፋል። በቃ፤ ሠንጠረዥ የሚያስፈልገው ለተነባቢዎቹ ብቻ ነው።

ሁሉም አልገጠመም። ጆርጂያኛ ከ«ቅ» ሌላ ከጉሮሮ ሥር የሚወጣ ሁለተኛ «ቅ» አለው፤ ለእሱ የትግርኛውን «ቐ» ወሰድኩ። ስለዚህ ቡና «ቓቫ»፣ ውሃ «ጽቓሊ» ሆኑ። እንደ ዐረብኛው «ጋይን» ላለው ድምፅ አማርኛ የማይጠቀምበትን «ጘ» አዋስኩት። «ትስ» እና «ድዝ» በሁለት ሁለት ፊደል ተጻፉ፤ አያምሩም፣ ይሠራሉ።

ውጤቱን አንኪ ውስጥ አስገባሁት። ለማታውቁት፣ አንኪ የጥያቄ ካርዶችን የሚይዝ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ የመለስከውን ቃል እያራቀ፣ የረሳኸውን እያቀረበ ይጠይቅሃል። በካርዱ አንድ ጎን ጆርጂያኛው በራሱ ፊደልና በእኛ ፊደል፣ በሌላው ጎን አማርኛው። እንግሊዝኛ የትም የለም።

ያልጠበቅኩት ከዚህ በኋላ መጣ። ከቃላት ወደ ዓረፍተ ነገር ስሻገር የጆርጂያኛ መጽሐፌ «አስቸጋሪ ግሦች» ብሎ የለየውን ምዕራፍ ከፈትኩ። «ምሺያ» ይላል፤ እንግሊዝኛው ሲተረጉመው «እኔ የተራብኩ ነኝ» ዓይነት ነገር ይሆንና፣ በጆርጂያኛ ግን ራብተኛው ባለቤት አይደለም፣ ራቡ እሱ ላይ የሚደርስ ነገር ነው እያለ በስዕል ያብራራል። አማርኛውን ጻፍኩ፦ «ራበኝ»። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። «ምትሲቫ» በረደኝ። «ምጽቑሪያ» ጠማኝ። «ምጥቂቫ» ያመኛል። የጆርጂያኛው «ም» ከፊት፣ የእኛ «ኝ» ከኋላ፤ ሥራቸው አንድ ነው። እኛም እንራባለን እንጂ የረሃብ ባለቤቶች አይደለንም፤ ራብ ራሱ መጥቶ ይይዘናል። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ አንድ ወር የሚታገልበትን ነገር ጠዋት ከቡና በፊት ጨረስኩት። ስድስት ወር ያጠፋሁት በእንግሊዝኛ በኩል ስለዞርኩ ብቻ ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

በትቢሊሲ «ማርሽሩትካ» የሚሉት ሚኒባስ አለ፤ ከአዲስ አበባው ታክሲ የሚለየው ረዳት ስለሌለው ነው። መውረድ ስትፈልግ ራስህ ትጮሃለህ። እኛ «ወራጅ አለ!» የምንለውን እነሱ «ጋሚቼሬት!» ይላሉ። ቃሉን ስፈታው ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ውስጡ ያለችው «ሚ» የእኛ «ልኝ» ናት፤ መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ደግሞ የአክብሮት። ቃል በቃል «አቁሙልኝ»። አንድ ቃል ለአንድ ቃል፣ አክብሮቱ እንኳ ሳይጎድል። መጀመሪያ የጮህኩ ቀን ሾፌሩ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ አቆመ። ዞር ብሎ አለማየቱ ያስደሰተኝን ያህል ያ አፕ አስደስቶኝ አያውቅም።

ኢስታንቡልን አስቤ ተጸጸትኩ። ቱርክኛም ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ዱን ጌለን አዳም» ማለት «ትናንት የመጣው ሰውዬ» ነው፤ ትናንት፣ የመጣው፣ ሰውዬ፣ ቅደም ተከተሉ ሳይዛነፍ። እኔ ግን ሦስት ወር ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ገልብጬ፣ ከዚያ መልሼ እያቀናሁ ነበር የምናገረው። ተራዬ እስኪደርስ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

የፊደሉን ጉድለትም ልናገር፤ አለበለዚያ ሻጭ እመስላለሁ። እኛ ሳድስን ስናነብ ሳናውቀው ትንሽ «እ» እናስገባለን። ጆርጂያኛ ያችን «እ» አይወድም። አሠልጣኝ «ምጽቭርትኔሊ» ነው፤ ጎረቤቴ የሆኑት አዛውንት ሴት አራት ጊዜ ካስደገሙኝ በኋላ ተስፋ ቆርጠው ዳቦ ሰጡኝ። ስለዚህ ፊደላችንን የተጠቀምኩበት ለአንድ ወር ያህል ነው፤ ከዚያ ያንን መስመር ከካርዶቹ ላይ ሰርዤ በእነሱ ፊደል ብቻ ማንበብ ጀመርኩ። ድምፅ ያልተቀዳለትንም ቃል አላጠናም።

ወደ ቨርጂኒያ ከተመለስኩ በኋላ አክስቴ ደወለች። የጎረቤቷ ልጅ ወደ ጅዳ ልትሄድ ነው፤ ሁለት ወር ቀርቷታል። «ያንተን ነገር በዐረብኛ አድርግላት» አለችኝ። ለልጅቷ የሚሆን ነገር ስፈልግ ያገኘኋቸው አፖች በሙሉ መጀመሪያ እንግሊዝኛ እንድታነብ ይጠይቃሉ። ለእኔ በእንግሊዝኛ መዞር ስድስት ወር ማባከን ነበር፤ ለእሷ ግን በሩ ጭራሽ ዝግ ነው።

ስክሪፕቱን ለዐረብኛ ሳስተካክል አንድ የሚያስቅ ነገር ሆነ። ኪቦርድ የምንሠራ ሰዎችን ዕድሜ ልክ የሚያማርሩን ሦስቱ ሀዎች፣ «ሀ»፣ «ሐ»፣ «ኀ»፣ አማርኛ ውስጥ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው፣ ዐረብኛ ላይ ሲደርሱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥራ አገኙ። «ዐ»ም እንደዚሁ። ትግርኛ ለሚናገር ሰው ይህ ዜና አይደለም።

ያስቸገረው መጥበቅና መላላት ነው። በዐረብኛ «ሐማም» ላልቶ ሲነበብ ርግብ ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ መታጠቢያ ቤት። ፊደላችን ሁለቱን አይለይም። ዩኒኮድ ግን ከእ.ኤ.አ. 2005 ጀምሮ የጥብቀት ምልክት አለው፤ በፊደሉ አናት ላይ የምትቀመጥ ሁለት ነጥብ ናት፣ እንዲህ፦ «ሐማ፟ም»። ሞባይል ኪቦርድ ለምትሠሩ ወዳጆቼ፦ እባካችሁ አንድ ቁልፍ ስጧት። እኔ እስካሁን ከሌላ ቦታ እየገለበጥኩ ነው የማስገባት።

የካርዶቹን ቅደም ተከተል እኔ ሳወጣ እንደ ማንኛውም አፕ በሰላምታ ጀምሬ፣ ቀለማትንና ፍራፍሬን አስከትዬ ነበር። አክስቴ ዝርዝሩን በስልክ ሳነብላት ዝም ብላ ሰማችኝ።

«ብርቱካን ማለት ምን ያደርግላታል?»

«እቴቴ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚጀምሩት።»

«እነሱ ለሽርሽር የሚሄዱ ናቸው። ያችን ደብተር አምጥቼ ላንብብልህ።»

በሷ ደብተር የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ቃል «ራቲብ» ነው፤ ደመወዝ። ሁለተኛው «ጀዋዝ»፤ ፓስፖርት። ቀጥሎ «ተዕባና»፤ ደክሞኛል፣ አሞኛል። ከዚያ «ሞያ»፣ ጅዳ ውስጥ ውሃ ማለት ነው፤ ጎኑ ላይ በአማርኛ «እንደኛው ሙያ» ብላ ጽፋበታለች። ሰላምታ የሚመጣው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። «ሰላምታውን እነሱው ያስተምሯታል» አለች።

ዝርዝሬን ጣልኩና ደብተሩን እንዳለ ገለበጥኩት። አሁን እሑድ እሑድ እደውልላታለሁ፤ እሷ ቃሉን በራሷ ድምፅ ሁለት ጊዜ ትለዋለች፣ አንዴ በዝግታ፣ አንዴ ጅዳ እንደሚባለው፤ እኔ እቀዳለሁ። 140 ካርዶች ላይ ደርሰናል። ባለፈው እሑድ 12 ቁጥር ካርድን አስደግማ አሰማችኝና «ይሄ ድምፄ ፈርቷል፤ እንደገና እንቅዳው፣ ልጅቷ ስትለው ጠንከር ብላ ትበለው» አለችኝ። ካርዱ ስለ ፓስፖርቱ ነው። ሦስት ጊዜ ቀዳነው።