ከማገዶው ጋር የሚመዘነው ውኃ

ክረምት ሲገባ ደረቅ ፍልጥ ያከማቸ የእንጨት ነጋዴ ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል። ያላከማቸው ደግሞ ሰኔ ላይ የተቆረጠውን እርጥብ “ደረቅ ነው” እያለ ለዳቦ ቤቱና ለእንጀራ ጋጋሪዋ ለማስረከብ ይገደዳል። በሁለቱ ነጋዴዎች ዕቃ መካከል ያለው ልዩነት ውኃ ነው። ማገዶ በኩንታል ሲሸጥ ውኃውም አብሮ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ዋጋም ይከፈልበታል።

ሂሳቡን እንየው። ገና የተቆረጠ ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። 40 ኩንታል እርጥብ እንጨት የጫነ አይሱዙ 20 ኩንታል እንጨትና 20 ኩንታል ውኃ ተሸክሟል ማለት ነው። ይኸው እንጨት እርጥበቱ 20 በመቶ እስኪሆን ቢደርቅ 25 ኩንታል ይመዝናል። 15ቱ ኩንታል በንኖ ሄዷል። ስለዚህ እርጥቡን በኩንታል 100 ብር የገዛ ነጋዴ ደረቁን ከ160 ብር በታች ከሸጠ ከስሯል፤ የፈላጩ ሒሳብ፣ የግቢ ኪራይና የታሰረው ገንዘብ ወለድ ገና አልታሰበም።

ገዢውስ? አንድ ኪሎ እርጥብ እንጨት ሲነድ ከሚሰጠው ሙቀት ከፊሉ የራሱን ውኃ ለማትነን ይውላል። በስሌት ሲታይ የደረቁ አንድ ኪሎ ከእርጥቡ 1.8 እጥፍ ያህል ሙቀት ይሰጣል። በሙቀት ብቻ ካሰብነው እንግዲህ ገዢው ለደረቁ እስከ 178 ብር ገደማ ቢከፍል አይጎዳም። ከ160 እስከ 178 ያለችው 18 ብር ናት የማድረቅ ሥራው ትርፍ። ጠባብ ናት። ብዙ ሰው “እንጨት ማድረቅ አያዋጣም” የሚለው በዚህ ምክንያት ይመስለናል፤ ግን ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛው፣ እርጥብ እንጨት ጭሱ እንጂ ነበልባሉ ስለማያስተማምን ገዢው በተግባር የሚያጣው ከስሌቱ ይበልጣል። ሁለተኛው የትራንስፖርቱ ጉዳይ ነው። 40 ኩንታል ደረቅ ባሕር ዛፍ የጫነ መኪና የ71 ኩንታል እርጥብ ሙቀት ይዞ ይገባል። እንጨቱ ከተማ ሳይገባ እዚያው የተቆረጠበት ቦታ ቢደርቅ ትርፉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ በውድ ኪራይ ግቢ ይዞ ማድረቅ የውኃውን የመኪና ኪራይ ከከፈሉ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው ዓይነት። ገበያው ውስጥ “ጥድ” ሲባል ሦስት ዛፎች ይደባለቃሉ። የሐበሻ ጥድ አገር በቀል ነው፤ ለማገዶ ብሎ መነገድ ከሕግ ጋር ያጣላል። የፈረንጅ ጥድና ፓቱላ የሚባለው ፓይን ግን ተተክለው ለጣውላ የሚቆረጡ ናቸው፤ በሻሸመኔ ሙነሳ በኩል ያለው ደን ለዚህ ይታወቃል። ማገዶ የሚሆነው ከመጋዝ ቤት የሚተርፈው ዳርና ቁርጥራጭ፣ እንዲሁም ለጣውላ የማይበቃው ቀጭን ግንድ ነው።

ፓቱላ ቀላል እንጨት ነው። በኪሎ ሲመዘን ሙቀቱ ከባሕር ዛፍ አያንስም፤ ሙጫው እንዲያውም ያግዘዋል። በሜትር ኩብ ሲለካ ግን ብዙ ያንሳል፤ መኪናውም ሚዛኑ ሳይሞላ ሳንዱቁ ይሞላል። ስለዚህ ፓቱላን በኩንታል፣ ባሕር ዛፍን በሜትር ኩብ መግዛት ለገዢ ይጠቅማል፤ ሻጭ ደግሞ በተቃራኒው ቢያስብ አይፈረድበትም። በሜትር ኩብ ሲሆን አደራደሩን ልብ ይበሉ፤ ተዛንፎ የተቆለለ እንጨት ውስጥ የሚሸጠው አየር ነው። ሲነድ ፓቱላ ቶሎ ይያያዛል፣ ነበልባሉ ረጅም ነው፣ ፍሙ ግን አይቆይም። ዳቦ ቤት ምድጃውን በእሱ ለኩሶ በባሕር ዛፍ ቢያቆየው ሁለቱንም በሚገባ ተጠቀመባቸው ማለት ነው። “ጥድ ጭስ ማውጫ ያቃጥላል” የሚባለው ወቀሳ በአመዛኙ የእርጥበቱ ነው፤ በደንብ ያልነደደ የማንኛውም እርጥብ እንጨት ጭስ ነው ጭስ ማውጫው ላይ እንደ ቅጥራን የሚጋገረው።

አቆራረጡ ላይ ጊዜው ወሳኝ ነው። መስከረም መጨረሻ ዝናቡ ሲቆም ተቆርጦ ወዲያው መፈለጥ አለበት። በተለይ ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ በመጥረቢያ ይታዘዛል፤ ሲደርቅ ሽብልቅም ይመልሳል። ቅርፊቱን እንደለበሰ የተቀመጠ ድፍን ግንድ ውኃውን የሚያስወጣው በሁለቱ ጫፎቹ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወራት ቆይቶም ውስጡ እርጥብ ነው፤ ፓቱላ ከሆነ ደግሞ ሰማያዊ ሻጋታ ይይዘዋል። ጥቅምት ላይ በክንድ ውፍረት የተፈለጠ ፓቱላ እስከ መጋቢት ለገበያ ይደርሳል፤ ባሕር ዛፉን እስከ ግንቦት መታገሥ ይበጃል።

ክምሩ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በአጠና ላይ ይደርደር፤ ምስጥም እርጥበትም ከሥር ነው የሚመጣው። ነፋስ እንዲያልፍበት በአንድ ረድፍ ቢሆን ይመረጣል። ላዩ ብቻ በቆርቆሮ ይሸፈን። ዙሪያውን በላስቲክ መጠቅለል ግን ውኃውን መልሶ እዚያው ማሰር ነው፤ በየማገዶ ተራው የምናየው ጥቁር ላስቲክ ለማድረቅ ሳይሆን ለመደበቅ ይመስላል።

ደላላ “ደርቋል” ሲልዎ ሁለት ፍልጥ አንሥተው ያጋጩ። ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ይታፈናል። የጫፉ ስንጥቅ ግን ብቻውን አያሳምን፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነም ይሰነጠቃል። አንዱን ወፍራም ፍልጥ አስፈልጠው አዲሱን ገጽ በጉንጭዎ ይንኩት፤ ከቀዘቀዘዎ ውኃ አለው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ያላቸውም አሉ። መሣሪያው ውኃውን የሚያሰላው ከደረቁ እንጨት ክብደት አንጻር ስለሆነ እኛ 20 በመቶ ያልነው እሱ ላይ 25 ሆኖ ይነበባል። ውል ሲዋዋሉ የትኛው እንደሆነ ይጻፍ። የራሱን ክምር የሚጠብቅ ነጋዴ ደግሞ ከመሐል አሥር ፍልጥ ምልክት አድርጎ በየሁለት ሳምንቱ ቢመዝን መሣሪያም አያስፈልገው፤ ክብደታቸው መቀነሱን ያቆመ ዕለት ክምሩ ለሽያጭ ደርሷል።