መጥረጊያው ተፈቀደ፣ ምንጣፉ ተከለከለ

ወሩ ጥር ነው። ሴይንት ፖል፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ቆመን ባቡር እንጠብቃለን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የዘጠኝ ዓመቷ የእህቴ ልጅ ሻርቧን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ «አጎቴ፣ መጥረጊያ ቢኖረን እኮ እስካሁን ቤት ደርሰን ነበር» አለችኝ።

የሃሪ ፖተርን በራሪ መጥረጊያ ማለቷ ነው። አባቷ መጻሕፍቱን አይወድላትም፤ «ጥንቆላ ነው» ይላል። እንደ ብዙዎቻችን ግን አላነበባቸውም። እኔ ስለ እሷ ስል አነበብኳቸው። ከጥንቆላው ይልቅ ያስገረመኝ የመጓጓዣ ሕጋቸው ነው።

ጄ. ኬ. ሮውሊንግ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2007 ባሳተመቻቸው ሰባት መጻሕፍት ውስጥ መጥረጊያ ለአስማተኞቹ እንደ እኛ መኪና ነው። ሞዴል አለው፤ ኒምበስ 2000 የያዘ ልጅ በዓመቱ 2001 ሲወጣ የእሱ ያረጅበታል። መንዳት የሚማሩት በትምህርት ቤት ነው። መጥረጊያውን መሬት ላይ አጋድመው «ተነሥ!» ይሉታል፤ የሚፈራውን ልጅ እሺ አይልም። መቀመጫው እንዳይቆረቁር የሚያደርገው አስማት እንኳ በ1820 እንደተገኘ ታሪካቸው ይናገራል። ብርድ ግን አይከላከልም፤ በአምስተኛው መጽሐፍ ሃሪ በሌሊት ወደ ለንደን ሲበር በቅዝቃዜ ይደነዝዛል። «ስለዚህ ለሚኒሶታ አይሆንም» አልኳት።

ሌላም መንገድ አላቸው። በምድጃ እሳት ላይ ዱቄት በትኖ መጓዝ አለ፤ ከአንድ ቦታ ተሰውሮ ሌላ ቦታ መገኘትም አለ። ለዚህኛው ግን 17 ዓመት መሙላትና ተፈትኖ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው።

ታዲያ ከዕቃ ሁሉ መጥረጊያ ለምን ተመረጠ? መልሱ ሮውሊንግ በ2001 ስለ ኩዊዲች፣ ማለትም በመጥረጊያ ላይ ሆነው በአየር ስለሚጫወቱት ጨዋታ፣ ባሳተመችው ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ አለ። አስማተኞቹ ተደብቀው ነው የሚኖሩት። መጥረጊያ ርካሽ ነው፣ ለመያዝም ይቀላል፤ ከበር ጀርባ ቆሞ ጎረቤት ቢያየው «ይህ ምንድን ነው?» አይልም። የተመረጠው ስለሚመች ሳይሆን ስለማያስጠይቅ ነው። ይህን ስደተኛ በደንብ ያውቀዋል።

የምሥራቅ አገር አስማተኞች ደግሞ የሚበሩት በምንጣፍ ነው። በ2000 በታተመው አራተኛ መጽሐፍ ውስጥ አሊ ባሽር የሚባል ሰው ለቤተሰብ የሚሆን በራሪ ምንጣፍ ወደ እንግሊዝ ማስገባት ይፈልጋል። ሚኒስቴሩ ይከለክለዋል፤ ምክንያቱም ምንጣፍ አስማት ከማያውቁ ሰዎች የቤት ዕቃዎች ተርታ ተመዝግቧል። መጥረጊያስ? እሱ የማን ቤት ዕቃ ነው? ከባለሥልጣናቱ አንዱ ራሱ አያቱ አሥራ ሁለት ሰው የሚይዝ ምንጣፍ እንደነበራቸው ያስታውሳል፤ ያኔ ገና አልተከለከለም። አሥራ ሁለት ሰው! የአዲስ አበባ ሚኒባስ በሉት።

የአሊ ባሽር ነገር ለዚህ ከተማ ባዕድ አይደለም። ሚኒያፖሊስ ውስጥ የታክሲ ፈቃድ በ343 ተገድቦ ነበር። አዲስ የመጣ ሰው መኪናው ደኅና፣ መንጃ ፈቃዱ ደኅና ሆኖ፣ «ቁጥሩ ሞልቷል» ይባል ነበር። የከተማው ምክር ቤት ገደቡ ቀስ በቀስ እንዲነሣ የወሰነው በ2006 ነው። ነባር ባለ ታክሲዎች ፍርድ ቤት ቢሄዱም አልተሳካላቸውም። ችግሩ የነበረው መንዳቱ ላይ ሳይሆን ፈቃዱ ላይ ነው።

«እኛስ በምን ነበር የምንበረው?» አለችኝ ልጅቷ።

ክብረ ነገሥትን ነገርኳት። ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ከሰጣት ስጦታ አንዱ በአየር የሚሄድ መጓጓዣ ነው። ቀዳማዊ ምኒልክ ታቦተ ጽዮንን ይዞ ሲመጣ ደግሞ ሰዉ፣ ፈረሱ፣ በቅሎው፣ ሠረገላው ከነጓዙ ከመሬት ከፍ ብሎ የአሥራ ሦስት ቀን መንገድ በአንድ ቀን ሄደ። የቀረ ሰው የለም። እንደ መጥረጊያ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ አላነሣም።

ቤት ስንደርስ ያንን የኩዊዲች መጽሐፍ አወጣሁላት። ስለ አፍሪካ በሚናገረው ገጽ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ሁለት ጊዜ የወሰደ የኢትዮጵያ ቡድን አለ፤ ስሙም «የጊምቢ ግዙፍ ገዳዮች» እንደ ማለት ነው። ጊምቢ የወለጋዋ ጊምቢ ናት፤ የአባቷ የትውልድ ከተማ።

መጽሐፉን ይዛ ወደ አባቷ ሮጠች። መነጽሩን ሲፈልግ አየሁት።